አባሎኒ ሲያረቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አባሎኒ ጆሮ የሚመስል ቅርፊት ያለው፣ አለት ላይ ተለጥፎ የሚኖር የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ሲያዩት ምንም የማይበግረው ይመስላል፤ አርቢውን የሚያሳስተውም ይኸው መልኩ ነው።

የመጀመሪያውና ከሁሉ የከፋው ስህተት በግድ ማላቀቅ ነው። አባሎኒ እንደተነካ እግሩን አለቱ ላይ አጥብቆ ይለጥፋል። ያኔ በቢላዋ ልፈንቅልህ ቢሉት ሥጋው ይቆረጣል። ደሙ እንደኛ ደም ስለማይረጋ ለዓይን የማትሞላ ቁስል ልትገድለው ትችላለች። ወዲያው ባይሞት እንኳ ቁስሉ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ስለዚህ ሳይነቃ፣ ጠርዙ በማይቆርጥ ጠፍጣፋ መሣሪያ ከእግሩ ሥር ገብቶ ባንዴ ማንሳት ነው። ካመለጠዎትና ከተጣበቀ አይታገሉት፤ ትተውት ቆይተው ይመለሱ። ብዙ የሚነሳ ከሆነ ማግኒዥየም ሰልፌት በተሟሟበት የባሕር ውሃ ማደንዘዝ ይቻላል። መጠን ለመለየት እያሉ በየጊዜው ማንሳትም ጉዳት ነው።

ውሃ ላይ የሚሠራው ስህተት የሚመጣው እንደ ኩሬ ዓሣ ከማየት ነው። አባሎኒ የሰውነቱን ጨው ከውሃው ለይቶ መጠበቅ አይችልም፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 35 ግራም አካባቢ ጨው ይፈልጋል። ከባድ ዝናብ ክፍት ገንዳ ውስጥ ሲገባ ወይም ውሃው ከወንዝ አፍ አጠገብ ሲሳብ ጉዳቱ ፈጣን ነው። ቅርፊቱ ላይ የተደረደሩት ቀዳዳዎችም ጌጥ አይደሉም፤ በስንጥቡ (በመተንፈሻ አካሉ) ያለፈው ውሃ የሚወጣው በነሱ ነው። ውሃው ካልፈሰሰ ኦክስጅን ያጥረዋል።

ቶሎ እንዲያድግ ብሎ ውሃውን ማሞቅ ያጓጓል። ሞቅ ሲል ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በሽታም ይነሳል። በካሊፎርኒያ አባሎኒን እያከሳ የሚገድለው ባክቴሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲሞቅ ነው የሚያገረሽበት። ለገበያ እስኪደርስ ዓመታት የሚፈጅ እንስሳ መሆኑን ገና ሳይጀምሩ ቢቀበሉት ይሻላል።

ምግብ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። አባሎኒ የሚበላው ሌሊት ነው። ጠዋት ሰጥቶ «አልበላም» ማለት፣ ከዚያም ላዩ ላይ መጨመር፣ የተረፈው በስብሶ አሞኒያ እንዲፈጥር ማድረግ ነው። ሲመሽ ይስጡ፣ ሲነጋ ትራፊውን ያውጡ።

በማፈልፈያ ቤት ደግሞ «ብዙ ዘር ብዙ ጫጩት» የሚል እሳቤ አለ። የወንዱ ዘር ከበዛ እንቁላሉ ከአንድ በላይ ይቀበልና ይበላሻል። እጮቹም ከአስኳላቸው ስለሚመገቡ የሚበላ ነገር ማስገባት ውሃውን ከማቆሸሽ በቀር አይጠቅማቸውም። በሳምንት ገደማ የሚያርፉበትን ይፈልጋሉ፤ ዳያቶም የተባለው ደቂቅ አልጌ የለበሰ ሰሌዳ አስቀድሞ ያልተዘጋጀላቸው እንደሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

አዲስ የመጣን አባሎኒ ለይቶ ሳያቆዩ ከነባሩ ጋር መቀላቀል ግን ጉዳቱ ከአጥር ያልፋል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከደቡብ አፍሪካ ወደ ካሊፎርኒያ ከገባ አባሎኒ ጋር አንድ ጥቃቅን ትል አብሮ ገባ። ትሉ ቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ሰፍሮ ቅርጹን ያበላሻል፣ እድገቱንም ይገታል። እርሻ ለእርሻ ከተዛመተ በኋላ በፍሳሽ ውሃ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጣ። እሱን ለማጥፋት ትሉ ሊሰፍርባቸው የሚችል 1.6 ሚሊዮን ገደማ የዱር ቀንድ አውጣዎች በእጅ መለቀም ነበረባቸው።