ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ዝናብ ግን የለም፦ የሸራ መጠለያ ችግርና መፍትሄ

የተፈናቃይ መጠለያ ሲያስቸግር ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ሸራው ላይ ነው። «አርጅቷል፣ ይቀየርልን» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአየሩ፣ የገመዱ ወይም የመሬቱ ነው። አዲስ ሸራ ቢመጣም ብዙ ሳይቆይ እዚያው ይመለሳል።

ጠዋት ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ሌሊቱን ግን አልዘነበም

ቀና ብላችሁ እዩ። ጠብታው አንድ ስፌት ላይ ብቻ ከሆነ ከላይ ያቆረ ውሃና ቀዳዳ ፈልጉ። ጣሪያው በሙሉ ላብ ላብ ካለው ግን የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። አምስት ስድስት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፣ ላስቲክ ደግሞ አየር አያሳልፍም። እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ውሃ ሆኖ ይመለሳል።

ብርድ ስለሚገባ የአየር መውጫውን በጨርቅ መወተፍ የተለመደ ነው። አይፈረድም። ግን የተኛ ሰው ላይ ብርድ የሚያመጣው የታችኛው ክፍተት ነው፤ እሱን ድፈኑ። የላይኛውን ተዉት። እርጥብ ልብስም ውስጥ አታስጡ።

ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ውስጡ አይቻልም

ሸራው እንደ ምጣድ ግሎ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። መፍትሄው ሁለተኛ ጥላ ነው። የጥላ መረብ ወይም አሮጌ ሸራ ከጣሪያው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩ። መሃሉ ላይ ነፋስ ካላለፈ ድካም ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንና የኢኬአ ፋውንዴሽን ያሠሩት 17.5 ካሬ ሜትር ተገጣጣሚ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ዶሎ አዶ ላይ ሲሞከርም ጣሪያው ላይ የጥላ መረብ ነበረው። እኔ ስለዚያ ቤት ከሁሉም የምወድለት ሌላ ነገር ነው፦ አንዱ የግድግዳ ፓነል ሲጎዳ እሱን ብቻ ነቅሎ መቀየር ይቻላል።

ሌሊቱን ሲንጓጓ ያድራል፣ ጠዋት ተቀዶ ይገኛል

የላላ ሸራ ነፋስ ይመታዋል፤ መቀደድ የሚጀምረው ደግሞ ከምስማሩ ቀዳዳ ነው። ገመዱን ወጥሩ፣ ካስማውን ከድንኳኑ በተቃራኒ አዘንብሉት። ምስማር ግድ ከሆነ ቆርኪ አስገቡበት። ከዚህ የሚሻለው ግን ጠጠር ነው፦ ሾል ያላለ ድቡልቡል ጠጠር ከሸራው ስር አድርጋችሁ እንደ ቁልፍ ከውጭ አንገቱን በገመድ እሰሩት። ቀዳዳ የለ፣ መቀደጃ የለ።

ቋሚው ይጠፋል

ሩዋንዳ ውስጥ ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) እልቂት በኋላ ከሸራው ጋር የአሉሚኒየም ቋሚ ሲታደል ሰዎች ቋሚውን ሸጠው ዛፍ ቆረጡ። ርሃብ ያለበት ሰው ምን ያድርግ? ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን በምትኩ የወረቀት ቱቦ አቀረበ፤ ሸራውን ይሸከማል፣ ገበያ ላይ ግን ዋጋ የለውም። በ1999 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ሩዋንዳ፣ ቢዩምባ ውስጥ 50 መጠለያ ተሠርቶበት ተሞከረ።

ውሃ ከስር ይገባል

ቦይ ቆፍሩ፣ ግን ውሃው የት እንደሚወጣ ሳታውቁ አትጀምሩ። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። ወለሉንም አፈር ደልድላችሁ ከፍ አድርጉት። ቦታው ራሱ ረባዳ ከሆነ ግን ቁፋሮ አያድነውም። ጋምቤላ ውስጥ የሌችዎር መጠለያ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ተጥለቅልቆ ስደተኞቹ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ነበረባቸው። ካስማ ከመምታታችሁ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ የዛፎቹ ግንድ ላይ አምና የቀረውን የጭቃ መስመርም እዩ።