ለዝናርና ለሽጉጥ አፎት የሚሆን የቆዳ ውፍረት አመራረጥ

በምዕራብ አሜሪካ ስልት ዝናርና አፎት በእጁ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ «ቆዳው ስንት ሚሊሜትር ይሁን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በአንድ ቁጥር አይመለስም። ወገብን የሚዞረው ቀበቶ፣ ጥይቱ የሚሰካበት ጠፍር፣ ሽጉጡ የሚገባበት አፎትና የአፎቱ ገበር የሚሸከሙት ጫና የተለያየ ስለሆነ፣ ሁሉንም ከአንድ ውፍረት የሚቆርጥ ሠራተኛ አንዱን ከመጠን በላይ ያደድራል፣ ሌላውን ደግሞ ያልፈሰፍሳል። በጎጃም ዝናር ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን የአያቶቻችን ዝናር የተበጀው ለውጅግራና ለለበን ረጃጅም የጠመንጃ ጥይት ነበር። የአሜሪካኖቹ ስልት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1873 ከወጣው የኮልት ሽጉጥና ከመሰሎቹ ጋር ሲሆን፣ ጥይቱ አጭርና ወፍራም፣ ሽጉጡም ከዝናሩ ጋር ወገብ ላይ የሚንጠለጠል በመሆኑ ቆዳው የሚጠየቀው ነገር የተለየ ነው።

አስቀድሞ መለኪያውን መረዳት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ቆዳ ነጋዴዎች ውፍረትን የሚናገሩት በአውንስ ነው፤ ልማዱ የተነሣው አንድ ካሬ ጫማ ቆዳ ከሚመዝነው ክብደት ሲሆን፣ አንድ አውንስ በውፍረት ሲተረጎም 0.4 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ «ከ8 እስከ 9 አውንስ» የተባለ ቆዳ ከ3.2 እስከ 3.6 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ካሊፐር የሚባለው የውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ቆዳውን ቢያንስ በአምስት ቦታ ይለካ፤ አንድ ገበታ ቆዳ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ኖሮት አያውቅምና። ካሊፐር የሌለው ከዚያው ቆዳ ዐሥር ቁርጥራጮችን ደራርቦ፣ በእንጨት ጫን ብሎ ቁመታቸውን በማስመሪያ ከለካ በኋላ ለዐሥር ያካፍል። ይህ ዘዴ ቀላል ቢሆንም ከዓይን ግምት እጅግ ይሻላል።

ከውፍረቱም በፊት የቆዳውን ልፋት መመርመር ግድ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ብቻ ነው፤ ውኃ ነክሮ ቅርጽ ሲሰጡት የሚይዘው፣ ሲደርቅም የሚጠነክረው እርሱ ነውና። ክሮም በሚባል ማዕድን ጨው የለፋው ለጫማ ላይኛ ክፍልና ለጃኬት መልካም ሆኖ ሳለ ቅርጽ አይዝም፤ በውስጡ የሚቀረውም ጨው ለረጅም ጊዜ የሚያርፍበትን ብረት ሊያዝገው ይችላል። ለመለየት የተቆረጠውን ጠርዝ መመልከት ነው፤ የክሮሙ ወደ ሰማያዊና ግራጫ ያደላል፣ የዕፅዋቱ ቡናማ ነው። በዚያው ጠርዝ መካከል ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ከታየ ልፋቱ ወደ መሐል አልዘለቀም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ቆዳ 4 ሚሊሜትር ቢወፍርም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በአዊ በኩል፣ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው፣ ለከሰል ተብሎ በብዛት የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ልጡ በማልፊያ ንጥረ ነገር የበለጸገ መሆኑን ባሰብሁ ቁጥር፣ ያን ሁሉ ልጥ እንደ ተራ ነገር ማየታችን ያሳዝነኛል።

ወደ ቀበቶው እንግባ። በ45 ካሊበር ኮልት የሚታወቀው ሽጉጥ ባዶውን አንድ ኪሎግራም ያህል ይመዝናል። አንዱ ጥይት ወደ 24 ግራም ስለሚጠጋ፣ 25 ጥይት ሲሰካ ሌላ 600 ግራም ይጨመራል። ይህ ሁሉ ክብደት በአንድ ዳሌ በኩል ወደ ታች ይጎትታል። ስለዚህ ከ6.5 እስከ 7.5 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ቀበቶ ጠቅላላ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ ያነሰው ይጣመማል፤ ከዚህ የበለጠው ደግሞ ወገብን አይከተልም፣ ሲቀመጡም የጎድን አጥንት ይወጋል።

እዚህ ላይ የአገራችን ቆዳ ጠባይ ይመጣል። የጎጃም ከብት ቀላልና ቀጭን ቆዳ ያለው በመሆኑ ከለፋ በኋላ 5 ሚሊሜትር የሚሞላ፣ ለዚያውም በሙሉ ርዝመቱ እኩል የሆነ ቆዳ ማግኘት አድካሚ ነው። ወፍራሙ የሚገኘው አንገትና ሻኛ አካባቢ ሲሆን፣ እርሻ የቆየ በሬ ከሆነ ቀንበሩ ያረፈበት ቦታ ጠባሳ ቋጥሮ ይደድራል፤ ውፍረቱ ዓይን ይስባል እንጂ ጭረቱ የተዘበራረቀ ስለሆነ ለቀበቶ አይታመንም። የሆድ ቆዳ ደግሞ ይለጠጣል። የሚሻለው ከጀርባ፣ በአከርካሪው ትይዩ በርዝመቱ የተቆረጠ ከ2.0 እስከ 2.4 ሚሊሜትር የሆነ ቆዳ ሁለት ወስዶ፣ የሥጋውን ወገን ከሥጋው ወገን ጋር አጣብቆ መስፋት ነው። ሁለት መካከለኛ ቆዳ ተጣምሮ ከአንድ ወፍራም ቆዳ ይልቅ ቅርጹን ይጠብቃል፤ አንዱ ሊለጠጥ ሲል ሌላው ይይዘዋልና።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን አንድ ነጋዴ 5 ሚሊሜትር የሚሞላ ቆዳ አምጥቶ ሲያሳየኝ፣ ከየትኛው የከብቱ ክፍል እንደ ሆነ ሳልጠይቅ በውፍረቱ ብቻ ተማርኬ ገዛሁት። ዝናሩን ለአንድ አዛውንት ሠርቼ ሰጠሁ። በሦስተኛው ወር ተመልሰው መጡና በሩ ላይ እንደ ቆሙ፦ «ልጄ፣ ሽጉጡ ወደ ጉልበቴ ወርዷል፤ ዝናሩም በሁለት ቀዳዳ ሰፍቷል» አሉኝ። ዘርግቼ ብለካው ከአራት ሴንቲሜትር በላይ ረዝሞ፣ አፎቱ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ሳስቶ አገኘሁት። ሌላ ሠርቼ ተካሁላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ካሊፐሩን የማነሣው የጀርባውን መስመር በጣቴ ተከትዬ ካገኘሁ በኋላ ነው።

ሁለቱ ቆዳ ሲጣበቅ የሚደረገው ጥንቃቄ ከውፍረቱ ምርጫ ተለይቶ አይታይም። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያጣበቀ ሰው፣ ዝናሩ ወገብ ላይ ሲዞር የውስጠኛው ቆዳ ሲሸበሸብ ያያል። ምክንያቱ የውስጠኛው ክብ ከውጭኛው ያነሰ መሆኑ ነው። ስለዚህ የውስጡን ቆዳ ለጊዜው አስረዝሞ መቁረጥ፣ ማስቲሹን በሁለቱም ላይ ቀብቶ እጅ እስከማይዝ ድረስ መጠበቅ፣ ከዚያም በወገብ ልክ በተጠማዘዘ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በትንሽ በርሜል ዙሪያ፣ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር ጫን እያሉ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ሲጨርሱ የውስጡ ጫፍ ተርፎ ብቅ ይላል፤ እርሱን ከርክሞ መስፋት ነው። በሁለቱ ቆዳ መካከል ያለው የርዝመት ልዩነት በ5 ሚሊሜትር ቀበቶ ላይ ከአንድ ሴንቲሜትር ይበልጣል።

ቆዳው ለዚህም እንኳ የማይበቃ ቀጭን ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ በበኩሌ ለእኛ ቆዳ ከሁሉ የሚስማማው እርሱ ይመስለኛል። በምዕራብ አሜሪካ የገንዘብ ቀበቶ የሚባለው የቆየ ስልት ከ1.6 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ለስላሳ ቆዳ በስፋቱ ታጥፎ የሚሰፋበት ሲሆን፣ በመካከሉ የሚቀረው ክፍት ቦታ የብር ሳንቲም ይያዝበት ነበር። እጥፉ ከታች ሲሆን ጠርዙ ይጠነክራል፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ወገብንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከተላል። ዘለበቱ የሚያያዝበት ጠፍር ግን ከ2.8 እስከ 3.2 ሚሊሜትር ካለው ጠንካራ ቆዳ ለብቻው ተቆርጦ መሰፋት አለበት።

የጥይት መሰኪያው ጠፍር ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ከቀበቶው ትርፍራፊ ከተቆረጠ በጣም ወፍራም ይሆንና በጥይቱ ዙሪያ አይታጠፍም፤ ታጥፎም ላዩ ይሰነጠቃል። ከ1.6 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ፣ የማይለጠጥ የጀርባ ቆዳ ይበቃል። የ45 ኮልት ጥይት ቀፎ ወርዱ 12.2 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ በዚያው ውፍረት የተላገ የእንጨት ዘንግ አዘጋጅቶ እርጥቡን ጠፍር በቀበቶው ቀዳዳዎች እያሾለኩ በዘንጉ ላይ ማጥበቅ ነው። ቆዳ ሲደርቅ ጥቂት ይሰበሰባል፣ ሲያገለግል ደግሞ ይላላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጥይቱ በአውራ ጣት ግፊት ብቻ የሚገባ ከሆነ ልኩ ደርሷል። ስድስት መሰኪያ በቁርጥራጭ ላይ ሞክሮ ሳያይ ሙሉውን ዝናር የሚቀድ ሰው ቆዳውን ያባክናል።

አፎቱን በተመለከተ፣ ከበሮ (ጥይት የሚጎርስ ተሽከርካሪ ክፍል) ላለው ትልቅ ሽጉጥ ገበር የሌለው ነጠላ ቆዳ ከ3.2 እስከ 3.6 ሚሊሜትር ይሁን። ገበር የሚገባበት ከሆነ የውጩ ከ2.4 እስከ 2.8፣ ገበሩ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊሜትር ይበቃል። ኪስ ውስጥ ለሚገባ ትንሽ ሽጉጥ ከ2.4 እስከ 2.8 የሆነ ነጠላ ቆዳ መልካም ነው፤ ከዚያ ከወፈረ የከበሮውንና የቃታ ቀለበቱን ቅርጽ አያሳይም። ቅርጽ ለማስያዝ በሽጉጡ ልክ ከተጠረበ እንጨት ጋር መሥራት ይሻላል፤ በእውነተኛው ሽጉጥ የሚሠራ ሰው ግን ጥይት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጦ በስስ ላስቲክ ይጠቅልለው። የተሰፋው አፎት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ይቆያል፣ ይወጣል፣ ከዚያም ይጠበቃል። ወዲያው እንደ ወጣ ጨልሞና ለስልሶ ስለሚታይ የቸኮለ ሰው ጣቱን ይጭናል፤ ቅርጹ ግን ተመልሶ ይጠፋል። ትክክለኛው ጊዜ የላዩ ቀለም ወደ ቀድሞው መመለስ ሲጀምር፣ ነገር ግን ጉንጭ ላይ ሲያስነኩት ገና ሲቀዘቅዝ ነው። በዚያ ሰዓት በቀንድ ወይም በለሰለሰ እንጨት ጫፍ የተጫነ መስመር እንደ ታተመ ይቀራል። በወፍራም ቆዳ ይህ ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ በክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ 3.6 ሚሊሜትር የሆነ አፎት ጥላ ሥር ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም ይቆያል፣ እሳት ዳር ማድረቅ ግን ቆዳውን ያቆረፍደዋል።

ሁሉም ክፍል ሲደራረብ የሚሆነውንም ማስላት ተገቢ ነው። ከኋላው ሰፊ የቆዳ ሉህ ተትቶለት፣ በሉሁ ላይ በተቆረጡ ቀለበቶች ውስጥ በሚሾልክ ስልት የሚሠራው አፎት ከዳሌ ጀምሮ ሉህ፣ ቀበቶና የአፎቱ ጀርባ ይደረብበታል። እያንዳንዳቸው 4 ሚሊሜትር ከሆኑ ሽጉጡ ከገላ በ12 ሚሊሜትር ይርቃል፣ እጅም ይጋጨዋል። ስለዚህ አፎቱ 3.2 ከሆነ ቀበቶውን በ4 መወሰን ይሻላል። በሲኒማ የምናየው፣ ቀበቶው ራሱ ተሰንጥቆ አፎቱ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠልበት ስልት የሃያኛው መቶ ዓመት ሥራ ሲሆን፣ ክብደቱ ሁሉ በስንጥቁ ላይ ስለሚያርፍ ያ ቦታ ከ5 ሚሊሜትር ባላነሰ ድርብ ቆዳ ካልተሠራ ይቀደዳል።

በመጨረሻ የሚቀባው ነገር የመረጥነውን ውፍረት ሊያከሽፈው ይችላል። ቅቤ በብዛት የጠጣ 3.6 ሚሊሜትር ቆዳ እንደ 2.4 ይልፈሰፈሳል፤ የኑግ ዘይት ደግሞ ሲቆይ ይጣበቃል፣ አቧራም ይይዛል። ከጮቄ ብርድ ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ቆዳው እንዳይደርቅ ጥቂት ቅባት ቢያስፈልገውም፣ በጨርቅ ስስ አድርጎ ከላይ ብቻ መቀባት፣ ቀጥሎም ሰም ማሸት ይበቃዋል። የአፎቱ ውስጥ ግን ሳይቀባ ይቅር።