ማሞቂያው በ4 ብቻ ሲነፍስ

የመኪናዬ ማሞቂያ በ1፣ በ2 እና በ3 አይነፍስም፤ 4 ላይ ሳደርገው ብቻ በኃይል ይነፍሳል። ክረምት ነው፣ ጠዋት ዝናብ ላይ የፊት መስታወቱ ጭጋግ ሲለብስ መንዳት ያስፈራል፣ ስለዚህ ልተወው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ፊውዝ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ፊውዙ ተቃጥሎ ቢሆን 4ም አይሠራም ነበር። ቀጥሎ ማዞሪያው ነው ብዬ ዳሽቦርዱን ፈታሁ፣ ከሶማሌ ተራ ሌላ ማዞሪያ ገዝቼ ገጠምኩ። ያው ነው። ሦስት ቀን ሄደ።

ለካ ችግሩ ሬዚስተሩ ነው፣ ማለትም ማራገቢያው ቀስ እንዲል ኤሌክትሪኩን የሚቀንሰው ዕቃ። ዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በእሱ በኩል ሲሆን 4 ግን እሱን ሳይነካ በቀጥታ ያልፋል። የእኔ መኪና ላይ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ኪስ ጀርባ፣ ማራገቢያው አጠገብ ነው ያለው። የባትሪውን ኔጋቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈታሁ፣ ኪሱን አወረድኩ፣ ሁለት ብሎን በስታር ካቻቢቴ አውጥቼ ሶኬቱን ነቀልኩ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጌ ስለካው ተቆርጧል፣ ምንም አያሳልፍም። ተመሳሳዩን ገዝቼ ገጠምኩ፣ አራቱም ፍጥነት ሠራ።

አንድ ነገር ግን እንዳትዘሉ፦ ሶኬቱ ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ከሆነ አብሮ ይቀየር። ማራገቢያውንም በእጃችሁ አዙሩት። የእኔን ቅጠልና አቧራ ሞልቶት ከብዶት ነበር፣ ሞተሩ ሲከብደው ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ አዲሱንም ሬዚስተር ያቃጥለዋል። ሬዚስተሩን አልፎ በሽቦ ማገናኘት በጭራሽ አትሞክሩ፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።