ሻንጣውን ተዉት፦ አውሮፕላን ላይ ችግር ሲፈጠር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቦሌ አራብሳ፣ ጎሮ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። እዚህ ከተማው ዳር፣ ከየብሎኩ የሚበር ሰው አይጠፋም። አንዷ ለሥራ ወደ ቤይሩት ወይ ወደ ጅዳ ትሄዳለች። ሌላው ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ወይ ጓንዡ ይመላለሳል። እናቶች ደግሞ ልጃቸውን ለማረስ አሜሪካ ይጠራሉ። ሁሉም ከመሄዳቸው በፊት ምክር ይጎርፍላቸዋል። ስለ ኪሎ፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ትራንዚት። አየር ላይ ችግር ቢፈጠር ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን የሚነግራቸው የለም። ጉዳዩ ከተነሳም "ኧረ ክፉ አታውሩ!" ይባላል።

ለምን እንደምንፈራ ይገባኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ ከደቂቃዎች በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው አውሮፕላን የ157 ሰዎችን ሕይወት ወስዷል። ሐዘኑ አሁንም ከኛ ጋር ነው። በዚያ በረራ ላይ ተሳፋሪዎቹ ሊያደርጉት የሚችሉት ምንም ነገር አልነበረም። አብዛኛው የበረራ ችግር ግን እንደዚያ አይደለም። ሞተር ይበላሻል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ጭስ ይሸታል፤ አውሮፕላኑ ግን ያርፋል። ካረፈ በኋላ ማን እንደሚተርፍ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የተሳፋሪዎች አድራጎት ነው። ስለዚህ ማውራት አለብን።

የሰሙትን ድምፅ ሁሉ ብልሽት ማድረግ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበር ሰው ገና ከመነሻው ልቡ ይመታል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሳት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ካለ ኤርፖርት ይልቅ ረዘም ላለ ርቀት ይንደረደራል። "እንቢ አለ እንዴ?" ብላችሁ አትደንግጡ። እንደተነሳ ከሥር የሚሰማው ጉርምርምታና ጓ የሚል ድምፅ ጎማው ሲታጠፍ ነው። ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ድንገት ይቀንሳል፤ ሰውነትም የሚወርድ ይመስለዋል። ይህን ያደረጉት አብራሪዎቹ ናቸው፤ ለመነሳት የተጠቀሙበትን ከፍተኛ ጉልበት ሆን ብለው ሲቀንሱ ነው። ከጣራው ቀዳዳዎች ነጭ ነገር ሲወጣ ካያችሁና ሽታ ከሌለው፣ ቀዝቃዛ አየር ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ጉም ነው።

እውነተኛ የሞተር ብልሽት ቢመጣም ያ ማለት መውደቅ አይደለም። ሁለት ሞተር ያላቸው የመንገደኞች ጄቶች አንዱ ሞተር ቢጠፋ እንኳ መነሳትና መብረር እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። አብራሪዎችም ይህንኑ በማስመሰያ መሣሪያ ላይ በየጊዜው ይለማመዱታል። በሌላ በኩል ክንፍ ላይ እሳት ወይም የሚፈስ ነገር ካያችሁ፣ ወይም የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። ሆስተሷን ጠርታችሁ ያያችሁትን ንገሯት። እሷ ካለችበት ቦታ ላይታያት ይችላል።

ቀበቶን ለይስሙላ ማሰር

የቀበቶ ምልክቱ መብራት ሲጠፋ ቀበቶውን ፈትቶ መቀመጥ የለመደ ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ አውሮፕላን ድንገት በአየር መናወጥ ተመትቶ አንድ ተሳፋሪ ሞቷል፤ ብዙዎችም ተጎድተዋል። እንዲህ ያለው መናወጥ ቀበቶ ያላሰረውን ሰው ከጣራ ጋር ያጋጨዋል። ኮረኮንች ላይ ሚኒባስ ሲዘል አናታችን ጣራ እንደሚነካው ማለት ነው፤ ኃይሉ ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እንቅልፍም ቢወስዳችሁ ቀበቶው ይታሰር።

ሌላም ነገር አለ። የአውሮፕላን ቀበቶ የሚከፈተው ክዳኑ ወደ ላይ ሲነሳ ነው። የመኪና ቀበቶ የለመደ ሰው በድንጋጤ ቁልፍ ፍለጋ ጎኑን ሲደባብስ ጊዜው ይሄዳል። ገና እንደተቀመጣችሁ ሁለት ሦስቴ ክፈቱና ዝጉት። እጃችሁ ይልመደው።

ጎማው መሬት ሲነካ አጨብጭቦ ወዲያው የመነሳት ልማዳችንም ይቅር። ማጨብጨቡ ደስ ይላል፤ ግን ተቀምጣችሁ አጨብጭቡ።

ማስክ ሲወርድ መዘግየት

ጄት አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚበረው። በውስጡ ያለው አየር ግን ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት ተደርጎ ይያዛል። ይህ እንግዲህ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። በዚህም የተነሳ እኛ ምንም አይሰማንም፤ ችግሩን አቅልለን የምናይ ይመስለኛል። አየሩ ድንገት ቢወጣ በዚያ ከፍታ ላይ ሰው በቅጡ ማሰብ የሚችለው ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ አንዳንዴም ከግማሽ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እጅ አይታዘዝም። የሚያስፈራው ደግሞ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ እያሰበ መድከሙ ነው።

የኦክስጅን ማስኩ ከጣራው ሲወርድ ወደራሳችሁ ሳቡት። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ ኦክስጅኑን የሚያስጀምረው ይህ መሳብ ነው። አፍና አፍንጫ ሁለቱም ይሸፈኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የሳውዝዌስት አየር መንገድ አውሮፕላን ሞተሩ ፈንድቶ መስኮት በሰበረ ጊዜ፣ ከውስጥ በተነሳ ፎቶ ላይ ብዙ ተሳፋሪዎች አፋቸውን ብቻ ሸፍነው፣ አፍንጫቸውን ውጭ ትተው ይታያሉ። ከረጢቱ ባይነፋ አትጨነቁ፤ ኦክስጅኑ እየመጣ ነው። የሚቃጠል ነገር ሽታ ከመጣም ኦክስጅኑን የሚያመነጨው ዕቃ ሲግል ሊሆን ይችላል።

እናቶች፣ እባካችሁ ይህን ስሙኝ። መጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለልጅ። ይህ ለእናት አንጀት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን እናንተ ራሳችሁን ከሳታችሁ ልጁ ማስኩን ማን ያደርግለታል?

አውሮፕላኑም በፍጥነት መውረድ ይጀምራል። መውደቅ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። አብራሪው ያለ ማስክ መተንፈስ ወደሚቻልበት ወደ 3,000 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ወደ እንጦጦ ከፍታ እያወረዳችሁ ነው።

የሕይወት አድን ጃኬትን ውስጥ ሆኖ መንፋት

ይህን የምናውቀው በራሳችን ሰዎች ደም ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠለፈ። ነዳጁ አለቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ። ከሞቱት መካከል ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ጃኬታቸውን የነፉ ነበሩ። ውሃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣራ አንሳፈፋቸው። ወደ በሩ ለመድረስ ደግሞ ዝቅ ብሎ መዋኘት ያስፈልግ ነበር። አልቻሉም።

ጃኬቱን ልበሱት፣ እሰሩት። የምትነፉት ግን በሩን ስታልፉ ነው። ሆስተሶች በየበረራው የሚናገሩትን ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሁሉ ለይታችሁ ያዙት።

ሻንጣ ለማውረድ መቆም

አንዲት ከዓረብ አገር የተመለሰች ጎረቤቴ ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ "የአምስት ዓመት ላቤ እኮ ነው ቦርሳው ውስጥ ያለው፤ እንዴት ጥዬው እወጣለሁ?" አለችኝ። ልትወቀስ አይገባም። ለእሷ ቦርሳ ማለት ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ለእናቷ የገዛችው መድኃኒት ነው። "ዕቃ ይተካል" ብሎ መምከር ይቀላል፤ የሷ ዕቃ ግን በቀላሉ አይተካም።

ቢሆንም ሒሳቡን እንየው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ለመንገደኞች እንዲበር ከመፈቀዱ በፊት፣ ሞልቶ ሳለ በግማሾቹ በሮች ብቻ ሁሉም ሰው በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። በዚህ ስሌት ውስጥ ከላይ ሻንጣ የሚያወርድ ሰው የለም። አንድ ሰው ቆሞ ክዳን ሲከፍት ከኋላው ያለው ሰልፍ በሙሉ ይቆማል። ኋላ ያለው ደግሞ ጭስ ውስጥ ነው። ከበሩ ወደ መሬት በሚዘረጋው የሚነፋ መንሸራተቻ ላይ ከባድ ቦርሳ ሲወርድም ከታች ያለውን ሰው ይመታል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቶኪዮ ሐኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። በትንሹ አውሮፕላን ላይ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። ትልቁ አውሮፕላን በእሳት ተያይዞ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ውስጡ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም ወጡ። ተሳፋሪዎቹ ሻንጣቸውን ትተው ነው የወጡት። እ.ኤ.አ. በ2019 ሞስኮ ሼረሜትየቮ ላይ ሌላ አውሮፕላን ሲያርፍ ተቃጥሎ 41 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከፊት ከወጡት አንዳንዶቹ ቦርሳ ይዘው ሲሄዱ በቪዲዮ ታይተዋል።

ለጎረቤቴ ያልኳት ይህን ነው። የማይተካውን ከቦርሳው አውጪውና ሰውነትሽ ላይ አድርጊው። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቀጭን የጨርቅ ኪስ ከልብስ ሥር ይያዝ። ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ የተወሰነ ገንዘብ ይይዛል። ልብስ ሰፊ ጋ ብትሄዱ በጥቂት ብር ይሠራላችኋል። ወርቅም ካለ በልብስ ሥር ይደረግ። የዕለት መድኃኒት ኪስ ውስጥ ይግባ። ያኔ "ሁሉንም ተዉ! ውጡ!" ሲባል ልብ ወደ ላይኛው ሣጥን አይሄድም።

አለባበስም ይታሰብበት። ሲነሳና ሲያርፍ ጫማ አይውለቅ። ታኮ ያደረገች ግን መንሸራተቻው ጋ ስትደርስ ታውልቀው፤ ሊቀደው ይችላል። ረጅም ቀሚስ የለበሱ እናቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፣ ቀሚሳቸውንም ሰብስበው ይያዙ። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ መንሸራተት አያስፈልግም፤ ዝለሉ።

ጸሎትን ከጩኸት ጋር መቀላቀል

ጸልዩ። እኔም እጸልያለሁ። ችግሩ ሁሉም ተነስቶ በአንድ ጊዜ ሲጮህ የሆስተሶቹ ትእዛዝ አለመሰማቱ ነው። ሐኔዳ ላይ የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ሠራተኞቹ በእጅ በሚያዝ ሜጋፎንና በጉሮሯቸው ነበር የሚያዙት። ማርያምንም ጥሩ፣ አላህንም ለምኑ፤ ግን ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ፣ ቀበቶ እንደታሰረ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይሁን።

"ብሬስ!" (ለግጭት ተዘጋጁ) ከተባለ ጭንቅላታችሁን ፊት ለፊት ካለው ወንበር ጋር አስጠጉ፤ እግራችሁን መሬት ላይ አድርጉ። አውሮፕላኑ ፈጽሞ እስኪቆም ቀና አትበሉ። መጋጨቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ቋንቋ የማይገባችሁ ከሆነ ነገሩን የገባው ሰው መስሎ አንገት መነቅነቅ አይጠቅምም። ከፊታችሁ ያለው የደህንነት መመሪያ ካርድ በሥዕል ነው የተሠራው፤ ማንበብ አይጠይቅም። ከመቀመጫችሁ እስከ መውጫው ድረስ ስንት ወንበር እንዳለ በጣታችሁ ቁጠሩ፣ ከፊትም ከኋላም። ጭስ ካለ ዓይን አያይም፤ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ነው የምትሄዱት።

ስልክና ፓወር ባንክ

ለቲክቶክ መቅረጽ አንድ እጅ ይይዛል፣ ሐሳብም ይይዛል። ተዉት።

ፓወር ባንክ ከታች በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ አብሯችሁ፣ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ቢግል፣ ቢያብጥ ወይም ቢጨስ ቦርሳ ውስጥ አትደብቁት። ወዲያውኑ ሆስተስ ጥሩ። ስልክ ወንበር መሃል ከወደቀም ወንበሩን ወደፊት ወደኋላ አታንቀሳቅሱ። ከተጨፈለቀ ባትሪው ሊቃጠል ይችላል።

ተመለስን ብሎ መቆጣት፣ ከታች ሆኖ ማሟረት

አውሮፕላን ከተነሳ በኋላ ወደ ቦሌ ሲመለስ ተሳፋሪው "ጉዞዬን አበላሹብኝ" ብሎ ሆስተሷ ላይ ይጮሃል። የመለሱት ለነፍሱ ሲሉ ነው። አንዳንዴም ከማረፉ በፊት ለረጅም ጊዜ ይዞራል። ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን ለማረፍ ከባድ ስለሆነ ክብደቱን መቀነስ አለበት። እንደ ቦይንግ 737 ያሉት ደግሞ ነዳጅ በአየር ላይ ማፍሰሻ ስለሌላቸው እየዞሩ ያቃጥሉታል። ሲያርፍ የእሳት አደጋ መኪኖች ተሰልፈው ቢጠብቁም የጥንቃቄ ሥርዓት ነው።

እኛ ከታች ያለነው ደግሞ የሚዞር አውሮፕላን በረንዳ ላይ ሆነን ቀርጸን "ሊወድቅ ነው" ብለን ቴሌግራም ላይ አንልቀቅ። ቪዲዮውን የምታየው የአንዱ ተሳፋሪ እናት ልትሆን ትችላለች።

በመንሸራተቻ ከወጣችሁ ከአውሮፕላኑ ራቁ፤ ግን ከቡድኑ ተነጥላችሁ አትሂዱ። ሠራተኞቹ ሰው እየቆጠሩ ነው፤ የጎደለ ካለ እሳት አጥፊዎች እሱን ፍለጋ ወደ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ምንም ባያማችሁም ሐኪም ይያችሁ። ቤት ስትደውሉም ዝርዝሩን ለኋላ አቆዩትና መጀመሪያ "ወጥቻለሁ፣ ደህና ነኝ" በሉ።