ጀልባ ስትጎትቱ ገመዱ ቢበጠስ ማን ላይ ይመጣል?

ሐይቅ ላይ ሞተር መጥፋቱ ብርቅ አይደለም። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የአንዱ ጀልባ ሞተር ቀጥ ይላል፣ ሌላው ይደርስለታል፣ ገመድ ይወረወራል፣ ጉዞው ይቀጥላል። መረዳዳቱ ደስ ይላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ገመዱ ሲወጠር ሰዎች የሚቆሙበት ቦታ ነው። አንዱ ማሰሪያው ብረት አጠገብ ተደግፎ ያወራል፣ ሌላው ገመዱን በእጁ እየነካ "ጠንካራ ነው፣ አይዞህ" ይላል፣ ልጆች ደግሞ ከኋላ ተሰብስበው ያያሉ። ገመዱ ያን ሰዓት ቢበጠስ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ለመሸሽ ጊዜ የለውም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ገመድ ሲጎተት ይለጠጣል። የተለጠጠ ገመድ ውስጥ ኃይል ይታመቃል። ገመዱ እስከያዘ ድረስ ያ ኃይል አይታይም፣ ድምፅም የለውም፤ ሲበጠስ ግን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ስሌቱም ከባድ አይደለም፦ ገመዱ ላይ ያረፈውን ጉልበት በተለጠጠበት ርዝመት ታባዙና ለሁለት ታካፍላላችሁ።

14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 30 ሜትር የናይለን ገመድ እንውሰድ። አንድ ቶን፣ ማለትም 10,000 ኒውተን ገደማ ሲጎትተው ወደ 4 ሜትር ይለጠጣል። 10,000 በ4 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 20,000 ጁል ይመጣል። ናይለን እኩል በእኩል ስለማይለጠጥ ቁጥሩ ግምት ነው፣ ግን ከእውነቱ አይርቅም። አንድ ቶን የምትመዝን ቪትዝ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የምትይዘው ኃይል ይህን ያህል ነው። የቪትዟ ኃይል ግን አንድ ቶን ሙሉ ላይ የተከፋፈለ ነው፤ ገመዱ ደግሞ ጠቅላላ ክብደቱ አራት ኪሎ እንኳን አይሞላም። ያ ሁሉ ኃይል አራት ኪሎ በማይሞላ ነገር ላይ ሲለቀቅ ገመዱ በሰከንድ 100 ሜትር አካባቢ ሊምዘገዘግ ይችላል፣ በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ እስኪጀምር የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ገመዱ 20 ሜትር ተጉዟል። ስለዚህ "ሲበጠስ ጎንበስ እላለሁ" የሚባል ነገር የለም። መዳን የሚቻለው ቀድሞ ቦታ በመምረጥ ብቻ ነው።

ጉልበቱ የግድ ከሞተር መምጣት የለበትም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1997 ታይፔ ውስጥ ከ1,600 በላይ ሰው በተሰለፈበት የገመድ ጉተታ ውድድር ላይ ገመዱ ተበጥሶ የሁለት ሰዎች ክንድ ተቆርጧል። መርከብ የለም፣ ዊንች የለም፣ የሰው እጅ ብቻ።

አሁን ወደ ገመድ ምርጫ። ናይለን በጣም ይለጠጣል፤ ይህ ሁለት ፊት አለው። ድንገተኛ ምቱን ይውጣል፣ ለመጎተት የሚወደደውም ለዚህ ነው። ከተበጠሰ ግን ክፉ ነው። ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ከጥንካሬው እስከ 15 በመቶ ሊያጣ ይችላል። ፖሊስተር ከናይለን ያነሰ ይለጠጣል፣ ሲረጥብም አይደክምም፣ ፀሐይም የበለጠ ይችላል። ዳይኒማ የሚባለው ውድ ገመድ ደግሞ ከመበጠሱ በፊት የሚለጠጠው ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ነው። ቅድም ባየነው ስሌት ውስጥ ዳይኒማ ብታስገቡ 4 ሜትሩ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ የታመቀው ኃይልም 1,500 ጁል ገደማ ይሆናል። ይሄ ጥሩ ይመስላል። ግን ምቱን የሚውጥ ነገር ስለሌለ ማዕበል ባነሳችሁ ቁጥር ጡጫው በቀጥታ ጀልባው ላይ ያርፋል። በየገበያው የሚሸጠው ሰማያዊና አረንጓዴ የፕላስቲክ ገመድ፣ ፖሊፕሮፒሊኑ፣ ርካሽ ነው፣ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል፤ መንሳፈፉ የሞተሩ መዘውር ላይ እንዳይጠመጠም ይረዳል። ጥንካሬው ግን ከናይለኑ ያንሳል፣ ፀሐይም ቶሎ ይበላዋል። ለመወርወሪያ ይሁን፣ ሰው የጫነ ጀልባ አይጎተትበት።

"ዳይኒማ አይስፈነጠርም" የሚል ወሬም አለ። አትመኑት። እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ዛርጋ የተባለች የጋዝ ጫኝ መርከብ ዌልስ ውስጥ ሚልፎርድ ሄቨን ወደብ ላይ ስትታሰር እንዲህ ዓይነቱ ገመድ ተበጥሶ አንድ መኮንን ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ገመዱ ራሱ ብዙ አይለጠጥም ነበር፤ ግን ምት እንዲውጥ ተብሎ ጫፉ ላይ የሚለጠጥ ቁራጭ ተቀጥሎለት ነበር። ኃይሉ እዚያ ውስጥ ተጠራቀመ። መለጠጥ ከመስመሩ የትኛውም ክፍል ላይ ካለ መላው መስመር ይስፈነጠራል።

ሰው ሁሉ የሚዘነጋውና እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ሌላ ነገር አለ። ገመዱ እንዳይበጠስ ብላችሁ ወፍራም ስትገዙ የሚበጠሰው ነገር ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። አሁን የሚነቀለው ጀልባው ላይ ያለው ማሰሪያ ብረት ይሆናል። ገመድ ብቻውን ቢመታችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ ብሎኑን ይዞ የተነቀለ ብረት ሲኖር ሌላ ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን ከላይ አይታችሁ አትለፉት። ከሥር ግቡ፣ በእጃችሁ ዳስሱት። ብሎኑ እንጨቱን ወይም ፋይበሩን አልፎ ወጥቷል? ከኋላው ሰፋ ያለ ብረት ወይም ጠንካራ ጣውላ ተደግፎ በዳዶ ታስሯል? ወይስ በእንጨት ቪስ ብቻ ነው የተያዘው? በቪስ ብቻ ከሆነ ወንበር ይያዝበት እንጂ ጀልባ አይጎተትበትም። በብሎኑ ዙሪያ ፋይበሩ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ ካያችሁም ያ ማሰሪያ ከዚህ በፊት ከአቅሙ በላይ ተጎትቷል። በተጎታቹ ጀልባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው ቦታ አፍንጫው ላይ ዝቅ ብሎ ያለው፣ ጀልባው ጋሪ ላይ ሲወጣ የሚጎተትበት ቀለበት ነው። በመስመሩ መሃል ሻክል (የብረት ማያያዣ)፣ መንጠቆ፣ ሰንሰለት ባታስገቡ ይመረጣል።

ገመዱን ስትፈትሹም በዓይን ብቻ አይሆንም። ሙሉውን በጣታችሁ መሃል እያሳለፋችሁ ዳስሱት። ቀጭን የሆነበት ቦታ፣ የደረቀና የሚያብረቀርቅ፣ ቀልጦ የተጣበቀ የመሰለ ቦታ ካለ ችግር አለ። ከዚያ ገመዱን በሁለት እጅ ወደ ተቃራኒ አዙራችሁ ጉንጉኑን ክፈቱና ውስጡን እዩ። ዱቄት ከወጣ ወይም አሸዋ ከተሸጎጠበት ክሩ እርስ በርሱ እየተፈጋፈገ ከውስጥ አልቋል። ከላይ ፀጉር ማውጣቱ ብዙም አያስፈራም፣ የውስጡ ነው የሚያስፈራው። ቋጠሮ ደግሞ ከጥንካሬው ከሲሶ እስከ ግማሽ ይወስዳል፣ ምክንያቱም ገመዱ በጠባቡ በሚታጠፍበት ቦታ የውጭው ክር ከውስጠኛው ይልቅ ይወጠራል። ጫፉን ፈትቶ ገመዱ ውስጥ መልሶ በመሸረብ የሚሠራ ቀለበት ግን ከጥንካሬው ዘጠና በመቶ ያህሉን ይጠብቃል። ይህን መሥራት የሚችል ሰው ካለ ገንዘብ ከፍላችሁም ቢሆን አሠሩ። በገመዱ ላይ የተጻፈው ጥንካሬ አዲስ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ቀስ ተብሎ ሲጎተት ነው። በሥራ ላይ ከዚያ ከአንድ አምስተኛው አትለፉ።

አነሳሱ ላይ እንምጣ። ገመድ የሚበጠሰው በብዛት በመደበኛ ጉተታ ሳይሆን ላልቶ ቆይቶ ድንገት ሲወጠር ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን ጀልባ ቆሞ እያለ ጎታቹ በሰከንድ 2 ሜትር፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ የላላው ገመድ ድንገት ቢወጠርስ? ያ የፍጥነት ልዩነት 4,000 ጁል ነው። ገመዱ 4 ሜትር እየተለጠጠ ቢውጠው በአማካይ 1,000 ኒውተን፣ የመቶ ኪሎ ያህል ጉልበት ያርፍበታል። በ25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢገታው ግን 16,000 ኒውተን ይሆናል፣ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ። ገመዱ ያው፣ ጀልባው ያው። ስለዚህ ጎታቹ ሞተሩን ማርሽ አስገብቶ ወዲያው ያውጣ፣ እንደገና ያስገባ፣ ገመዱ ከውሃው ቀስ ብሎ እስኪነሳ ድረስ። ከዚያ ነው ነዳጅ የሚጨመረው።

ከተነሳችሁ በኋላ ረጅም ገመድ ስጡት። ረጅም ገመድ በራሱ ክብደት መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ማዕበል ሲመጣ መጀመሪያ ያ መርገብ ይስተካከላል፣ ከዚያ ነው ውጥረቱ የሚመጣው። ቀጭንና ቀላል ገመድ ከሆነ መሃሉ ላይ ክብደት ማንጠልጠል ይረዳል። ማዕበል ካለ ርዝመቱን አስተካክላችሁ ሁለቱም ጀልባዎች በአንድ ጊዜ ማዕበሉ ላይ እንዲወጡ፣ በአንድ ጊዜ እንዲወርዱ አድርጉ። አንዱ ሲወርድ ሌላው እየወጣ ከሆነ በየማዕበሉ ገመዱን እየገጫችሁት ነው። ፍጥነትም አትጨምሩ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የውሃው ተቃውሞ አራት እጥፍ አካባቢ ይሆናል፤ ቶሎ ለመድረስ ተብሎ የሚጨመረው ነዳጅ በቀጥታ ገመዱ ላይ ነው የሚከፈለው። ሲታጠፉም በሰፊው። ገመዱ ከጎን ከጎተተ ጎታቹን ራሱን ሊገለብጠው ይችላል።

ቆመው የሚያዩት ሰዎች ታዲያ የት ይሁኑ? ገመዱ ባለበት መስመር ላይ ማንም አይቁም፣ ከፊትም ከኋላም። በተጎታቹ ጀልባ ውስጥ ያሉት ከአፍንጫው ርቀው ወደ ኋላና ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ ጀልባውም አፍንጫውን ቀና አድርጎ በደንብ ይከተላል። በጎታቹ ላይ ገመዱ በሁለት ጎን ታስሮ የሹካ ቅርጽ ከያዘ መሃሉ ውስጥ ማንም አይግባ። ገመዱ አንድ ብረት ላይ ተጠምዝዞ አቅጣጫ ከቀየረ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ ሲበጠስ በቀጥታ መስመር ብቻ አይመለስም፣ በዚያ ብረት ዙሪያ እየዞረ በሰፊው ይጠርጋል። በትልልቅ መርከቦች ላይ ድሮ አደገኛውን ቦታ ወለሉ ላይ ቀለም እየቀቡ ያመለክቱ ነበር። የብሪታንያ የመርከበኞች ደህንነት መመሪያ ይህን እንዳታደርጉ ይላል፣ ምክንያቱም ከቀለሙ ውጭ ያለው ሰው ሰላም ነኝ ብሎ ይዘናጋል። መላው ገመድ ያለበት ወለል አደገኛ ተደርጎ ይታይ። ከባቦጋያ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተመርቃችሁ መርከብ ላይ የምትሠሩ ልጆች ይህን እንደምታውቁት አውቃለሁ፤ ሲኒየሩ "ና እዚህ ቁም" ሲል ግን እምቢ ማለት ይከብዳል። እምቢ በሉ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሶላስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ደህንነት ስምምነት የማሰሪያ ገመዶች ፍተሻና ጥገና በመዝገብ እንዲያዝ ያስገድዳል፣ ስለዚህ "የዚህ ገመድ መዝገብ የት አለ?" ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ገመዱ ራሱ ምልክት የሚሰጥበት ጊዜም አለ። እርጥብ ናይለን ከልክ በላይ ሲወጠር ውሃው ከውስጡ እየተጨመቀ ይንጠባጠባል፣ ይቀጥናል፣ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ያወጣል። ይህን ካያችሁ ወይም ከሰማችሁ ነዳጁን ወዲያው ቀንሱ፤ ገመዱን ለመፍታት ግን አትቅረቡ። ዳይኒማ ላይ ይህንን አትጠብቁ፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ቢላ ሁልጊዜ በእጅ ይኑር፣ ግን የተወጠረ ገመድ መቁረጥ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ መጀመሪያ ሞተሩን አላሉ። ጀልባ ሊገለበጥ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም ከተባለ ዝቅ ብላችሁ ማሰሪያው ሥር ቁረጡት። ረጅሙ ጫፍ ወደ ሌላው ጀልባ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጮኻችሁ እዚያ ያሉትን አስተኟቸው።

መኪና ከጭቃ ስትጎትቱም ፊዚክሱ ያው ነው። ብርድ ልብስ ገመዱ መሃል ላይ ጣሉበት፣ ሰውን አርቁ።

ሥራው ሲያልቅ ገመዱን በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ነዳጅና የባትሪ አሲድ ካለበት አርቁ። አንድ ጊዜ ክፉኛ ከተገጨ፣ ማለትም ጀልባውን አንቀጥቅጦ ካስደነገጣችሁ፣ ከላይ ጤነኛ ቢመስልም ለጉተታ አይመለስ። ዝም ብላችሁም አትጣሉት፤ ሰው አንስቶ ይጎትትበታል። ከአንድ ሜትር በታች እየቆራረጣችሁ ጣሉት።