የደም እርሳስ ምርመራ ከማድረጋችሁ በፊት የልጁን እጅ እጠቡ

ባትሪ የሚጠግን ወይም አሮጌ ቀለም የሚፍቅ ሰው ባለበት ቤት ሕፃን ካለ፣ በደሙ ውስጥ ያለውን የእርሳስ (ሊድ) መጠን አስመርምሩ። ይህ መርዛማ ብረት በሥራ ልብስና በጫማ ላይ ተጣብቆ ቤት ይገባል፤ አንዳንድ የዓይን ኩልም እርሳስ አለበት።

ደሙ ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ከሆነ ግን አደራ፣ የልጁ እጅ አስቀድሞ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ በደንብ ይታጠብ። በአልኮል የራሰ ጥጥ ብቻውን እርሳሱን አያስለቅቅም። ከታጠበ በኋላም ጣቱ ልብሱን ወይም ጠረጴዛውን እንዳይነካ እጁን ያዙለት። ቆዳው ላይ የቀረች ብናኝ ከደሙ ጠብታ ጋር ተቀላቅላ ውጤቱን ከእውነተኛው በላይ ከፍ ታደርገዋለች።

የጣቱ ውጤት ከፍ ብሎ ከተገኘ አትደናገጡ፤ ችላም አትበሉት። ከደም ሥር በሚቀዳ ደም እንዲረጋገጥ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት መጠኑ በዴሲ ሊትር 5 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ መወገድ አለበት። ከዚያ በታች ቢሆንም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ምርመራው ጾም አይፈልግም፤ ልጁን ቁርሱን አብልታችሁ ውሰዱት።