ማሞቂያው ሲያስቸግር ዙሪያውን ይመልከቱ

በጋዝ የሚሠራ የቤት ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ምድር ቤት ወይም ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እግር የማይበዛበት ቦታ ስለሆነ አሮጌው ፍራሽ፣ ካርቶኑና የቀለም ጣሳው ሁሉ መጨረሻው እዚያ ይሆናል። ቀጥሎ ያሉት ችግሮች የማሽኑ ብልሽት ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ አጠገቡ የተከመረው ዕቃ ነው። ከመፍቻ በፊት መጥረጊያ ይነሣ።

ነበልባሉ ቢጫ ሆኗል

ጤናማ የጋዝ ነበልባል ሰማያዊና የተረጋጋ ነው። አጠገቡ ሲጠረግ አቧራ ገብቶበት ብርቱካንማ ብልጭታ ቢያሳይና አቧራው ሲረጋ ቢጠፋ አያስጨንቅም። ቢጫ ሆኖ የሚወዛወዝ፣ ጥላሸትም የሚተው ከሆነ ግን ጋዙ በሚገባ እየተቃጠለ አይደለም፤ ወይ አየር አጥሮታል፣ ወይ ማቃጠያው ቆሽሿል።

የክፍሉን በር ይመልከቱ። በበሩ ላይ ያሉት የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች «ብርድ ያስገባሉ» ተብለው በጨርቅ ተወትፈው፣ ወይም ፍራሽ ተደግፎባቸው አይቻለሁ። ማሞቂያው የሚተነፍሰው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። ማሞቂያውን ያጥፉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ የአየሩን መንገድ የዘጋውን ያንሡ፤ ባለሙያ ሳይመረምረው ግን መልሰው አያብሩት። ሰማያዊ ሆኖ እንደሆነ ለማየት ደጋግሞ መለኮስ አደገኛ ነው። በሚገባ ያልተቃጠለ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ እርሱ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም።

የቤቱን ሰው ራስ ምታት ይዞታል፣ ወይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ጮኋል

ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ጉንፋን ይመስላሉ። ከቤት ሲወጡ የሚለቅ፣ ሲመለሱ የሚነሣ ከሆነ ግን ማሞቂያውን ይጠርጥሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል፤ ስለዚህ ጊዜ አይሰጥም። የተኛው ሕፃን ጭምር ሁሉም ይውጣ፤ እርዳታ የሚጠራው ከውጭ ሆኖ ነው።

መንስኤው ብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ይገኛል። ልብስ የተሰቀለበት ወይም ካርቶን የገፋው ቱቦ ከመጋጠሚያው ይላቀቃል። ውጭ ያለው ጫፉም በበረዶ፣ በቅጠል ወይም በወፍ ጎጆ ይደፈናል። የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከሌለዎት ዛሬውኑ ገዝተው መኝታ ክፍሎች አጠገብ ያስቀምጡ።

አጠገቡ ያለው ካርቶን ቡናማ ሆኗል፣ ፕላስቲኩ ለስልሷል

ካርቶኑን በማሞቂያው በኩል ባለው ጎኑ በጣት ይንኩት። እንደ ደረቅ ቅጠል ከተፈረከሰ ሙቀቱ ሲያደርቀው ቆይቷል፤ ለእሳት ብዙም አልቀረውም። የሚቃጠል ነገር ሁሉ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ዝቅተኛ ርቀት አንብበው «ጥቂት ሴንቲሜትር ይበቃል» ሲሉ ነው። ያ ቁጥር ማሽኑ ሲተከል ከግድግዳ የሚኖረውን ርቀት የሚያመለክት እንጂ ለዕቃ ማከማቻ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ክፍሉ ቤንዚን ወይም ቲነር ይሸታል

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ ነበልባሉ ድረስ ይደርሳል። ብርዱም አያድንም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ክዳኑ ጠብቋል ብለው አይተዉት፤ ጣሳው ከመኖሪያ ቤቱ ይውጣ።

ሽታው እንደ ገማ እንቁላል ከሆነ ግን የሚያፈሰው ራሱ ጋዙ ሊሆን ይችላል። መብራት ሳያበሩም ሳያጠፉም ይውጡ፤ ስልክ የሚደውሉትም ከቤቱ ርቀው ነው።

ሞቆ ሳይቆይ ይጠፋል

አየሩ ስለታፈነበት ከመጠን በላይ ግሎ፣ ከልክ በላይ እንዳይግል የሚጠብቀው መሣሪያ እያጠፋው ሊሆን ይችላል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተሸፈነ ይቀይሩት፤ የቤቱ አየር ወደ ማሞቂያው የሚመለስባቸውን ፍርግርጎች የሸፈነ ሶፋ ወይም ምንጣፍ ካለ ያንሡ።

ብረቱ ዝጓል

አጠገቡ በረኪና ካለ ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱት። የክሎሪን ትነት ከአየሩ ጋር ወደ ነበልባሉ ሲገባ አሲድ ይፈጥርና የውስጡን ብረት ይበላል፤ የተበላ ብረት ደግሞ መርዛማውን ጭስ ወደ ቤት ሊያሳልፍ ይችላል። ዝገቱ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ባለሙያ ይየው።

ዙሪያው ከተጸዳ በኋላ ወለሉ ላይ ከማሞቂያው 1 ሜትር ርቀት ለክተው ደማቅ ቀለም ባለው ፕላስተር መስመር ያስምሩ፤ ልጆችም እንግዳም ያዩታል።